«አመመኝ» ያለ ሰው ማስረጃ ያምጣ?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁም፣ ገና ልትቀሩ ያሰባችሁም፣ ዛሬ ከወትሮው ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጉዳዩ ውስጤ የቆየ ነው። ስጽፈው ስሰርዘው ከርሜያለሁ፤ ምክንያቱም ለመጻፍ የራሴን ጥፋት መናገር ነበረብኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በሰፈራችን መስጂድ ከመግሪብ በኋላ የምሰጠው ደርስ ነበረ። አንድ ቀን ሰው ሲበተን አንዲት እህት ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሆና «ጥያቄ አለኝ» አለች። ወገቧን ካመማት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ራጅ ተነስታለች፣ ደም ሰጥታለች፣ ገንዘብ ተበድራ ኤምአርአይ ሳይቀር ተነስታለች። ሁሉም «ምንም የለብሽም» ብለዋታል። ጀሪካን ማንሳት ሲያቅታት ቤት ውስጥ ሰነፍ ትባላለች። ሰርግ ላይ ስትስቅ ያዩዋት ደግሞ «ታዲያ ያኔ ሕመሙ የት ሄዶ ነበር?» ይሏታል። ከኔ የፈለገችው የፊቅህ መልስ አልነበረም። «ኡስታዝ፣ እኔ ግን ውሸታም ነኝ እንዴ?» ነው ያለችኝ።

የመለስኩላት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። ሶብር አድርጊ አልኳት። ሙሲባ ወንጀልን ያራግፋል አልኳት። ምርመራው ነፃ ካለሽ አልሐምዱሊላህ በይ፣ ምናልባት ወስዋስ ሊሆን ይችላልና ዚክር አብዢ አልኳት። ዒሻእ እየደረሰ ስለነበር መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ስልኬን ሳላይ አልቀረሁም። «ጀዛከላሁ ኸይር» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ደርስ ላይ አይቻታለሁ፤ ጥያቄ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። ረመዷን ሊገባ ሰሞን ለመድረሳው የመጡ የሙስሐፍ ካርቶኖችን ከመኪና ሳወርድ ወገቤ ተያዘ። ቀና ማለት አቃተኝ። ሰዎች ደግፈው ወሰዱኝ፣ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ወረቀቱ ላይ ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ነገር ሁለት ቦታ ላይ ወጣ ብሏል የሚል ተጻፈ። ውጤቱን ያነበበልኝ ባለሙያ፣ አላህ ይዘንለት፣ «ወገብህ እንደ አሮጌ ቤት ሆኗል። ከእንግዲህ ጎንበስ አትበል፣ ሱጁድም ይቅርብህ» አለኝ። ያ ቃል ከሕመሙ በላይ አሰረኝ። ሰባት ወር ወንበር ላይ ሰገድኩ። ተራዊሕንም፣ ዒድንም። ጫማዬን ሳስር እንኳ እስትንፋሴን ይዤ ነበር።

ታዲያ በነዚያ ወራት አንድም ሰው «ውሸታም» አላለኝም። ወንበሩን የሚያቀርቡልኝ ደረሶቼ ነበሩ። ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱን አይቶ ከንፈሩን ይመጣል። እሷ ያመማት እንደኔ ወገቧን ነው። በሁለታችን መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወደ ፊዚዮቴራፒ የላከኝ ሰው አላህ ኸይሩን ይክፈለው። ገና ወጣት የሆነ ባለሙያ ነበር የተቀበለኝ። ወረቀቴን ዘረጋሁለት። አየት አደረገና አጠፈው፤ «ቆይ፣ አንተ ወገብህ ውስጥ ምን የተፈጠረ ይመስልሃል?» አለኝ። «ሊሰበር ነው» አልኩት። ከዚያ ስለ ጤነኛ ሰዎች ኤምአርአይ ነገረኝ። አላመንኩትም፤ ቤቴ ገብቼ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን የ3,110 ሰዎች ምስል ውጤት አሰባስቧል። ዕድሜያቸው ሃያ ገደማ ከሆኑት ውስጥ 37 በመቶው ላይ የዲስክ ማርጀት፣ 30 በመቶው ላይ የዲስክ መውጣት ታይቷል። ሰማንያ ዓመት ላይ ቁጥሩ ወደ 96 እና 84 በመቶ ይደርሳል። እነዚህ እንግዲህ የማያማቸው ሰዎች ናቸው! ይህን ከምታነቡት መካከል በሃያዎቹ ውስጥ ያላችሁና ወገባችሁን አሟችሁ የማያውቅ አሥር ሰዎች ብትነሱ፣ እኔን ሰባት ወር ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ዓይነት ቃል በሦስታችሁ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ይህ ማለት ምስል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስብራትን፣ ዕጢን፣ ኢንፌክሽንን ያሳያል። ሕመምን ግን አያሳይም። ሕመምን የሚያነሳ ካሜራ እስካሁን አልተሠራም።

እንዴት ነው ታዲያ የሚያመን? አብዛኞቻችን የምናስበው ፈረንሳዊው ዴካርት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሰበው ነው። እሱ በሳለው ሥዕል አንድ ልጅ እግሩን እሳት አጠገብ አድርጓል፤ ከእግሩ እስከ አንጎሉ እንደ ገመድ ያለ ነገር ተዘርግቷል። እሳቱ ገመዱን ይስባል፣ ላይ ቤት ደወሉ ይደወላል። የሳበው ጉልበት በጠነከረ መጠን ደወሉ ይጮኻል። በዚህ አስተሳሰብ ትንሽ ጉዳት ትንሽ ሕመም፣ ትልቅ ጉዳት ትልቅ ሕመም፣ ጉዳት ከሌለ ሕመም የለም ማለት ነው። የእህታችን ቤተሰቦች ዴካርትን አያውቁትም፤ የፈረዱባት ግን በሱ ሚዛን ነው።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጣሊያን ውስጥ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም «የሕመም ማስታገሻ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። አብዛኞቹ «አልፈልግም» አሉት። ነርቫቸው ሞቶ አልነበረም፤ መርፌ አስተካክሎ የማይወጋ ሰው ሲወጋቸው እንደማንኛውም ሰው ይጮሁ ነበር። ቢቸር የደረሰበት መደምደሚያ፣ ለነዚያ ሰዎች ቁስሉ ከጦርነቱ መውጫ፣ ወደ ቤት መመለሻ ስለነበር ነው የሚል ነው። ተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው። አንድ የ29 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ከላይ ሲዘል 15 ሳንቲ ሜትር ምስማር ላይ አረፈ። ምስማሩ ጫማውን በስቶ በላይ በኩል ወጣ። ትንሽ ሲነኩት እንኳ ስለሚያመው ጠንካራ ማስታገሻ ሰጡት። ጫማው ሲወልቅ ምስማሩ በጣቶቹ መካከል ነው ያለፈው፤ እግሩ ጭረት እንኳ የለውም።

ያ ሰው ዋሸ? ወላሂ አልዋሸም። አሞታል።

ባለሙያዎቹ የሚሉት ይህን ነው። ቆዳችንና ጡንቻችን ውስጥ ያሉ ነርቮች የሚልኩት ሕመምን አይደለም፤ የአደጋ ወሬን ነው። ወሬው በህብለ ሰረሰር በኩል ሲያልፍ ይጠነክራል ወይም ይደክማል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ ብለው ጻፉ። በዝርዝሩ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል። እናታችሁ ስትጋጩ ቦታውን እሽት እሽት የምታደርግላችሁ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ከዚያ አንጎል ወሬውን ከሌላ ነገር ጋር ያመዛዝናል። የት ነው ያለሁት? ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ምን ደርሶብኛል? ሐኪሙ ምን አለኝ? ነገ ሥራ መግባት እችላለሁ? «ጥበቃ ያስፈልጋል» ብሎ ሲወስን ነው የሚያመን። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ሙከራ ተመሳሳይ የቀዘቀዘ ብረት የሰዎች እጅ ላይ ሲያደርጉ፣ ቀይ መብራት ከበራ ሰማያዊ ከበራበት ጊዜ የበለጠ አመማቸው። ብረቱ ያው ብረት ነው። ቀይ ግን የአደጋ ቀለም ነው።

ሕመሙ ሲቆይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሌባ የገባበትን ግቢ ዘበኛ አስቡት። ከዚያች ሌሊት በኋላ ድመት ስታልፍም ይጮኻል፣ ቅጠል ሲወድቅም ፊሽካ ይነፋል። ሌባው ከሄደ ዓመት ሆኖታል። ጩኸቱ ግን የእውነት ጩኸት ነው፤ የግቢው ሰው የእውነት እንቅልፍ አጥቷል። ለወራት የታመመ ሰው ነርቮች እንዲህ ይሆናሉ። ሥጋው ድኖ ጠባቂው አልተረጋጋም። የኔም ወገብ፣ የእህታችንም ወገብ ምናልባት እንዲህ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በሱረቱን ኒሳእ ውስጥ ስለ እሳት ሰዎች ቆዳ መቀየር የሚናገረውን አያት ይዘው «ሳይንስ ሕመም ያለው ቆዳ ላይ ብቻ መሆኑን አሁን ደረሰበት» የሚሉ ቪዲዮዎችን ብዙዎቻችሁ ሼር ታደርጋላችሁ። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አድርጌያለሁ። አያቱ ሐቅ ነው፤ ቪዲዮው ግን ሳይንሱን አሳስቶታል። ሕመም ቆዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ያለ ቆዳም፣ በተቆረጠ እግር ላይም ያማል። የአላህን ቃል በየዘመኑ በሚቀያየር ንድፈ ሐሳብ ላይ አንጠልጥለን፣ ንድፈ ሐሳቡ ሲወድቅ የወጣቱን ኢማን አብረን አንጣል። ቁርኣን የኛ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሕመም ራሱ ኒዕማ መሆኑን ለማየት የሌላቸውን ማየት ይበቃል። ሰሜን ፓኪስታን ውስጥ መንገድ ላይ እጁን በቢላ እየወጋ፣ ፍም ላይ እየሄደ ትርዒት የሚያሳይ ልጅ ነበር። ምንም አያመውም። ሳይንቲስቶች የነርቭ ወሬን የሚያስተላልፈው ጂን ላይ ያለውን ለውጥ ከሱ ዘመዶችና ከሌሎች ተመሳሳይ ቤተሰቦች አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙ። ልጁን ግን ሳያዩት ሞተ። በ14ኛ ልደቱ ቀን ከቤት ጣሪያ ላይ ዘሎ። እኛ አገር የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ያየ ያውቃል፤ ጣታቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳጣቸው ነርቫቸው ደንዝዞ እሳትም እሾህም ስለማይሰማቸው የሚደርስባቸው ቁስል ነው። ከቢስሚላህ በኋላ ትኩስ ሻይ ሲያቃጥላችሁ አልሐምዱሊላህ በሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አንድ ሰው «አመመኝ» ሲል፣ መሣሪያው «የለም» ሲል፣ ማንን እንመን?

ሕመምን የሚያጠኑ ሰዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕመም ትርጉም አውጥቶ በ2020 አሻሽሎታል። ሕመም ከጉዳት ጋር የተያያዘ ወይም እንደዚያ ያለ ደስ የማይል የአካልና የስሜት ተሞክሮ ነው ይላል፤ ጉዳት የግድ መኖር አለበት አይልም። አያይዞም የታመመው ሰው ስለ ሕመሙ የሚናገረው ሊከበር ይገባል ይላል። ይህን ለመጻፍ ዶክተሮች ብዙ ሰው መበደል ነበረባቸው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ አይሰማቸውም ተብሎ። መናገር አይችሉማ! እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ጀማሪ ሐኪሞች ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉ እንደ «የጥቁር ሰው ቆዳ ይወፍራል» ያለ ቢያንስ አንድ የሐሰት እምነት ነበራቸው። እንዲያ ያመኑት የጥቁሩን ታማሚ ሕመም ዝቅ አድርገው ገመቱ። የቢላል ወገኖች ነን የምንል ሰዎች ይህን ስንሰማ ደማችን ይፈላል፤ መፍላትም አለበት።

ግን በየቤታችንስ? «ሴት ትንሽ ነገር ታበዛለች» የሚል ወንድም ስንት አለ? ከዓረብ አገር ወገቧን ይዛ የተመለሰችን እህት «ሥራ ጠልታ ነው» ያለ ቤተሰብ ስንት ነው? ሠራተኛዋ «አመመኝ» ስትል ፊቷን አይቶ የሚፈርድ፣ ልጁ ሲል ግን ራይድ የሚጠራ ስንት ነው? ሚዛናችን የት እንደተበላሸ ለማየት ቨርጂኒያ መሄድ አያስፈልገንም።

ፊቅሃችን ከኛ ይሻላል። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ነበረባቸው፤ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ስለ ሶላት ሲጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጧቸው። «ካልቻልክ» የሚለውን የሚለካው ማን ነው? ኢማሙ አይደለም፣ ጎረቤት አይደለም። ዑለማዎች የሚሉት የታመመው ሰው ራሱ የሚያውቀው ወይም የታመነ ሐኪም የሚነግረው ነው። ሸሪዓ በሶላት፣ ያውም ከሸሃዳ ቀጥሎ ባለው ሩክን ላይ፣ የሰውየውን ስለ ራሱ ሕመም ያለውን ዕውቀት ከተቀበለ፣ እኛ በጀሪካን ውሃ ላይ ማስረጃ የምንጠይቀው ማን ሆነን ነው?

ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ (ረ.ዐ) ከሰለሙ ጀምሮ ሰውነታቸውን የሚያማቸው ነገር እንዳለ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው ያገኙትን መልስ በሶሒሕ ሙስሊም አንብቡት። የሚያምህ ቦታ ላይ እጅህን አድርግ ነው የተባሉት፤ ከዚያ ቢስሚላህና ዱዓው ይከተላል። እጅን እዚያው ቦታ ላይ። መጀመሪያ የሕመሙ ቦታ ታወቀለት፣ ታመነ። ሙእሚኖች እንደ አንድ አካል መሆናቸውን የሚናገረውንም ሐዲስ ልብ ብላችሁ አስተውሉት። አንዱ አካል ሲታመም ሌላው በእንቅልፍ ማጣትና በትኩሳት አብሮት ይታመማል ነው መልእክቱ። ዓይን እግርን «በእርግጥ አሞሃል?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማንም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ገብቼበታለሁ። «ሕመም አንጎል የሚሠራው ከሆነ፣ እንግዲያው ችግሩ ከአስተሳሰብህ ነው፤ ኢማንህን አጠንክር ይለቅሃል» ማለት። ሰውየውን አንዴ «ውሸታም» ብለን ስናበቃ አሁን ደግሞ «ጥፋተኛ» እንለዋለን። የእግር ስብራትም ሕመም የሚሆነው አንጎል ውስጥ ነው፤ የተሰበረን ሰው ግን «አስተሳሰብህን ቀይር» አንለውም። አንጎላችን እኛን ሳያማክር የሚሠራው ብዙ ነው። የልብ ምታችንን በኒያ አናቆመውም።

በኹጥባ የምንወዳት አንዲት ታሪክ አለች። ዑርወት ኢብኑ ዙበይር (ረሒመሁላህ) እግራቸው ተመርዞ መቆረጥ ሲኖርበት፣ የሚያሰክር መጠጥ አልወስድም ብለው አላህን እያወሱ መቆረጣቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በዚያው ጉዞ ልጃቸውም ሞተ። ድንቅ ሰው ናቸው። ከሳይንሱም ጋር አይጋጭም፤ ልብ ሙሉ በሙሉ ሌላ ቦታ ሲሆን የአደጋው ወሬ በር ላይ ሊመለስ ይችላል። ግን የዑርወትን ታሪክ ለራሳችን መስታወት ማድረግና ሌላውን መምቻ ዱላ ማድረግ ይለያያል። እኔ ለዓመታት በዱላነት ነው የተጠቀምኩባት። አዩብን (ዐ.ሰ) ደግሞ ረሳኋቸው። መከራ እንደነካቸው ለጌታቸው አቤት ብለዋል፤ ይህ በቁርኣን ውስጥ ተጽፏል። ያው ጌታቸው ታጋሽ ሆነው እንዳገኛቸውም በቁርኣን ውስጥ ተጽፏል። ያዕቁብም (ዐ.ሰ) ከሐዘን የተነሳ ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል፤ ያማረ ሶብር የሚለውን ቃል የተማርነውም ከሳቸው ነው። «አመመኝ» ማለት ሶብርን አያፈርስም።

ሶብር መተኛትም አይደለም። ይህን ያስተማረኝ ያ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ኡስታዙ እሱ ነበር በዚያ ሰሞን። «ወንበሩ የተፈቀደልህ እንድትዳን ነው፤ አንተ ግን ከፍርሃትህ ጋር እየኖርክበት ነው» አለኝ። በሩኽሳ መጠቀም ከአላህ የተሰጠ ሶደቃ ነው፤ እውነት ነው። ግን የኔ ወንበር ከሦስተኛው ወር በኋላ የሕመም ሳይሆን የፍርሃት ወንበር ነበር። ይህንን ደግሞ ከኔ በቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሕክምናው መድኃኒት አልነበረውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሳምንት ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ብቻ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ተቆጥሮ። ከዚያ ግድግዳ ይዤ ሩኩዕ። ከዚያ ትራስ ደራርቦ ግንባሬን እላዩ ላይ ማሳረፍ፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ ትራስ ይነሳል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ባሰብኝና ደወልኩለት። «ማመሙ መጎዳትህን አያሳይም፤ ዘበኛው ነው የሚጮኸው። ትንሽ ቀንስ እንጂ አታቁም» አለኝ። ዘበኛውን ዝም የሚያሰኘው ስድብ አይደለም፤ በሩ በተደጋጋሚ ተከፍቶ ምንም አለመከሰቱን ማየቱ ነው። ግንባሬ ምንጣፍ የነካ ዕለት ዙህር ነበር። ከሱጁድ ለመነሳት ዘገየሁ፤ ከወገቤ የተነሳ ግን አልነበረም።

አላህ አዩብን (ዐ.ሰ) ከዚያ ሁሉ መከራ ሊያወጣቸው ሲሻ መጀመሪያ ያዘዛቸው እግራቸውን መሬት ላይ እንዲመቱ ነው፤ ከዚያ ነው ውሃው የመጣው። አያቱ ስለ ፊዚዮቴራፒ ነው አልልም፤ ከላይ የነቀፍኩትን እኔው እንዳልደግመው። ግን ያ ሁሉ ዘመን የታመመ ሰው እግሩን እንዲያነሳ መታዘዙ ከዚያ ወዲህ ባነበብኩት ቁጥር ያስቆመኛል።

ሙሉ በሙሉ ዳንኩ እንዳትሉ። ብዙ ስቀመጥ፣ ስጨነቅ፣ እንቅልፍ ሳጣ ይመለሳል። ይህ መንገድ የማይበቃቸው ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፤ ይህ ሁሉ ሰው በማብራሪያና በትራስ አይድንም። እባካችሁ ይህንን ጽሑፍ አንብባችሁ ደግሞ ሐኪም አትተዉ። እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ታከሙ። አገራችን ውስጥ የአከርካሪ ቲቢ አለ። ሩቅያ አድርጉ፣ ዱዓ አድርጉ፣ መታከምን ያዘዙትም እሳቸው (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ባለፈው ወር በባለቤቴ በኩል ያችን እህት አፈላልጌ አገኘኋት። አግብታለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። ቤታችን ከባለቤቷ ጋር መጣች። «ያኔ የመለስኩልሽ ልክ አልነበረም፤ ዐፉ በይኝ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ያሉኝን ረስቼዋለሁ። ስልክዎን ሲያዩ ግን ትዝ ይለኛል» አለች። ወዲያው ደግሞ «ዐፉ ብያለሁ» አለች።

አሁንም ያማታል። እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ልጇን ታዝላለች፣ አንዳንድ ቀን ከአልጋ አትነሳም። በነዚያ ቀናት ወንበር ላይ እንደምትሰግድ ነገረችኝና ወንጀል ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምትችይውንና የማትችይውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ በአላህ ፊት ዑዝር አለሽ፣ በቻልሽበት ቀን ደግሞ ትነሻለሽ አልኳት። ከዚያ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ መጣሁና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ እንዴት ጀመረሽ?» አልኳት። የዒሻእ አዛን እስኪወጣ ድረስ ነገረችን።